ቀን ያልተቈረጠለት እስረኛ
የዶክተር ዊልያም ማይነር ሕይወትና የብሮድሙር ሆስፒታል

ነፍስ የገደለ ሰው በፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱ በተረጋገጠ ጊዜ ሕግ የደነገገው ቅጣት ይፈረድበታል። ዐሥር ዓመት የተፈረደበት ዐሥሩን፣ ሃያ ዓመት የተፈረደበትም ሃያውን ይቈጥራል፤ የሚቈጥረው ቀን ስላለው ተስፋም አለው። ነገር ግን ገዳዩ አእምሮው የታወከ ሕመምተኛ ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ይወሳሰባል። እንዳይቀጡት፣ ያደረገውን ያደረገው በጤናማ ልቡና አይደለም፤ እንዳይለቁት፣ ነገ በሌላው ላይ እንዳይደግመው ያሠጋል። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። ታዲያ ከሆስፒታሉ የሚወጣው መቼ ነው? የሚወስነውስ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የሕግ ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። እኛም ዛሬ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ልንመለከተው አስበናል። ሰውየው አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዶክተር ዊልያም ቼስተር ማይነር ነው። በብዙ አገር የታወቀው ለታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ባደረገው እርዳታ ነው፤ እኛ ግን ይበልጥ የምንመለከተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የተዘጋበትን በር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ልጅነቱና የጦር ሜዳው

ማይነር የተወለደው በ1834 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት፣ ማለት ዛሬ ስሪ ላንካ በምትባለው አገር ነው። ወላጆቹ ወንጌል ለመስበክ ከአሜሪካ ወደዚያ የሄዱ ሚስዮናውያን ነበሩ። ገና በሕፃንነቱ እናቱ ሞተችበት። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን እንዲቀጥል በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ተላከ፤ በዚያም በዬል የሕክምና ትምህርት ተምሮ በ1863 ተመረቀ። ተማሪ ሳለ በዚያው ከተማ ይታረም በነበረው በዌብስተር መዝገበ ቃላት ሥራ ረድቷል። ይህ ትንሽ ሥራ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ነገር ሁሉ በተወሰደበት ጊዜ፣ ለማይነር ትልቅ መጠጊያ ሆነለት።

የተመረቀበት ዘመን አሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ተከፍላ እርስ በርሷ የምትዋጋበት ዘመን ነበር። ወጣቱ ሐኪም በሰሜኑ ጦር ገባ። በሜይ 1864 በቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ በተደረገው ውጊያ ደኑ በተኩስ ተቀጣጥሎ፣ ተነሥተው መሸሽ ያልቻሉ ቍስለኞች በእሳት አልቀዋል፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ማይነር በዚያ እንደ ነበረ ይናገራሉ። አእምሮውን ያናወጠው ይህ ጦርነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የዛሬ ሐኪሞች እንደዚህ ያለው ሕመም ከአንድ ምክንያት ብቻ የማይመነጭ መሆኑን ስለሚያስረዱ፣ እኛም ጥፋቱን ሁሉ በጦርነቱ ላይ ለመጫን አንደፍርም።

ከጦርነቱ በኋላ ማይነር የሻምበልነት ማዕረግ አግኝቶ በአገልግሎት ቀጠለ፤ ነገር ግን ጠባዩ እየተለወጠ ሄደ። የሥራ ጓደኞቹ በክፉ እንደሚመክሩበት ይጠረጥር ጀመር። በ1868 በዋሽንግተን ወደሚገኘው የመንግሥት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ በኋላ ሴንት ኤልዛቤትስ ወደ ተባለው፣ አስገቡት። በዚያም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቈየ። ጦር ሠራዊቱ ሕመሙ በአገልግሎት ላይ ሳለ የደረሰበት መሆኑን ተቀብሎ ጡረታ ቈረጠለት። ማይነርም ዕረፍት ባገኝ ይሻለኛል ብሎ በ1871 መጨረሻ ላይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ለንደን ሄደ።

የለንደኑ ሌሊት

በለንደን የተከራየው ቤት የሚገኘው ድሆች ሠራተኞች በሚኖሩበት በላምቤዝ ሰፈር ነበር። ሐሳቡ ግን አላረፈም። ሌሊት በተኛ ጊዜ ሰዎች ወደ ክፍሉ እየገቡ የሚያሠቃዩት ይመስለው ነበር፤ ለፖሊስም ሄዶ አመልክቷል። ፖሊሶቹ ነገሩ ከሕመም የመነጨ መሆኑን ቢገምቱም ምንም አላደረጉም።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1872፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጆርጅ ሜሬት የሚባል የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ለሌሊት ተራው ከቤቱ ወጥቶ ይሄድ ነበር። ሥራው የእንፋሎት ምድጃውን ማንደድ ነው። ስድስት ልጆች ነበሩት፤ ሚስቱ ኤላይዛም ነፍሰ ጡር ነበረች። ማይነር በዚያች ሰዓት ከእንቅልፉ ባንኖ በአልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ያየ መሰለው። ሽጉጡን ይዞ ወደ መንገድ ወጣ፤ ያገኘውም ሜሬትን ነበር። ደጋግሞ ተኰሰ፤ ሜሬትም ሞተ። ፖሊስ በደረሰ ጊዜ ማይነር ለማምለጥ አልሞከረም፤ የተኰሰው እርሱ መሆኑንም አልካደም።

ስለ ማይነር በተጻፉት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ሜሬት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛ ግን አንባቢ ይህን ሰው እስከ መጨረሻው በልቡ ይዞ እንዲቈይ እንፈልጋለን። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ምሕረትና ስለ ነጻነት የምንናገረው ሁሉ፣ እንጀራውን ለማግኘት በሌሊት ወጥቶ ያልተመለሰውን ሰው የሚያስረሳ ከሆነ ከንቱ ነው።

ሕጉ እንዴት እንደ መጣ

ማይነር በኤፕሪል 1872 ለንደን አጠገብ ባለችው በኪንግስተን ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ከአሜሪካ የመጣው ወንድሙ ስለ ሕመሙ መሰከረ። ጁሪዎቹም፣ ማለት ከሕዝብ መካከል ተመርጠው በነገሩ ላይ ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት በወንጀሉ ተጠያቂ አይደለም ብለው ወሰኑ። ከስቅላት ዳነ፤ ነገር ግን የንግሥቲቱ ፈቃድ እስኪታወቅ ድረስ በሆስፒታል ተዘግቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ይህ ፈቃድ መቼ እንደሚታወቅ የሚናገር አንድም ቃል በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ዓይነቱ ትእዛዝ የተወለደው በ1800 ነው። በዚያ ዓመት ጀምስ ሃድፊልድ የሚባል፣ በጦርነት ጭንቅላቱን ቈስሎ የተመለሰ ወታደር፣ በለንደን በድሩሪ ሌን ቲያትር ቤት ውስጥ በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ላይ ተኰሰ፤ ንጉሡን ግን አላገኘም። አእምሮው የታወከ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ በነጻ ተለቀቀ፤ ሆኖም እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ቤቱ መስደድ መንግሥትን አስፈራው። ስለዚህም ፓርላማው ወዲያው ሕግ አውጥቶ፣ በእብደት ምክንያት ከቅጣት የዳነ ሰው ያለ ጊዜ ገደብ ተዘግቶ እንዲጠበቅ አደረገ። ሃድፊልድም በ1841 እስኪሞት ድረስ አልተለቀቀም።

ሁለተኛው ታላቅ ነገር የተደረገው በ1843 ነው። ዳንኤል ማክኖተን የሚባል ከግላስጎ የመጣ እንጨት ሠራተኛ፣ ገዢው ፓርቲ ያሳድደኛል ብሎ በማመን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራሞንድን ተኵሶ ገደለ። እርሱም በሕመሙ ምክንያት ከሞት ፍርድ ዳነ። ሕዝቡ ተቈጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አልተደሰቱም። በዚህ ጊዜ የበላይ ዳኞች መለኪያ እንዲያበጁ ተጠየቁ። የሰጡት መለኪያ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ተከሳሹ ከአእምሮ ሕመም የተነሣ የሚያደርገውን ነገር ምንነት ካላወቀ፣ ወይም ነገሩ ክፉ መሆኑን ካላወቀ፣ አይቀጣም። ይህ የማክኖተን መለኪያ የሚባለው ደንብ የእንግሊዝን ሕግ በተከተሉ ብዙ አገሮች እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

እንዲህ ያሉት ሰዎች ቍጥራቸው እየበዛ በሄደ ጊዜ መንግሥት በ1860 ሕግ አውጥቶ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ቤት አሠራ። ይህም ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በክሮውቶርን መንደር አጠገብ፣ በ1863 የተከፈተው ብሮድሙር ነው። ዕቅዱን ያወጣው ወህኒ ቤቶችን በማሠራት የታወቀው ጆሹዋ ጄብ ነበር። ቤቱ በስሙ መጠለያ፣ በግንቡ ወህኒ ቤት፣ በሠራተኞቹ ሆስፒታል ሆነ። ዶክተር ማይነር በዚህ በር የገባው በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

መጻሕፍት የሞሉበት ክፍል

በዚያን ጊዜ የብሮድሙር የበላይ ሐኪም የነበረው ዶክተር ዊልያም ኦሬንጅ ነበር። ኦሬንጅ ማይነር የተማረ፣ በቀን ረጋ ያለ፣ በሌሊት ግን የሚሠቃይ መሆኑን ተመለከተ። ሁለት ክፍል እንዲሰጠው፣ በጡረታው ገንዘብ መጻሕፍት እየገዛ እንዲያስመጣም ፈቀደለት። ማይነር ክፍሉን በመጻሕፍት ሞላው፤ ሥዕል ይሥል፣ ዋሽንትም ይነፋ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የኤላይዛ ሜሬት ነገር ነው። ማይነር ለሟቹ ሚስት ገንዘብ እንዲደርሳት አደረገ፤ እርሷም ባሏን የገደለውን ሰው ለማየት ፈቀደች። ወደ ብሮድሙር እየሄደች ትጠይቀው ጀመር፤ ከለንደንም መጻሕፍት ታመጣለት ነበር። ሰባት ልጆች የቀሩባት ድኻ ሴት ይህን ያደረገችበትን ልብ እኛ መርምረን አንደርስበትም፤ ነገር ግን ሕግ ሊያዝዘው የማይችል ነገር መሆኑን እናውቃለን።

በ1879 ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጀምስ መሪ የታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆነ። የመዝገበ ቃላቱ ዓላማ የእያንዳንዱን ቃል ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሳየት ስለ ነበረ፣ መሪ በየቦታው ያሉ አንባቢዎች ከጥንት መጻሕፍት ቃላትን እየለቀሙ በትንንሽ ወረቀት እንዲልኩለት ጥሪ አደረገ። ጥሪው ለማይነር ደረሰው። የማይነር አሠራር ከሌሎቹ የተለየ ነበር። መጽሐፉን እያነበበ የቃላቱን ማውጫ ከነገጹ ያዘጋጃል፤ ከዚያ አዘጋጆቹ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚሠሩ ጠይቆ፣ የሚፈልጉትን ለዚያው ቃል መርጦ ይልካል። የሚልከው ሁሉ በተፈለገበት ሰዓት ስለሚደርስ መሪ ከሁሉ ይበልጥ ከሚመካባቸው ረዳቶች አንዱ ሆነ።

በ1915 አንድ የጋዜጣ ሰው መሪ ማይነርን የሆስፒታሉ ኃላፊ አድርጎ ሲገምት ኖሮ፣ በመጨረሻ ሊጐበኘው በሄደ ጊዜ እስረኛ መሆኑን አውቆ ደነገጠ ብሎ ጻፈ። ወሬው ጣፋጭ ነው፤ ግን እውነት አይደለም። መሪ ነገሩን ቀደም ብሎ ከአንድ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሰምቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 1891 ብሮድሙር በሄደ ጊዜ ማንን እንደሚጐበኝ ያውቅ ነበር። አውቆ መሄዱ ደግሞ የበለጠ ያስከብረዋል። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ጠይቆታል።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሥራው አዳነው ብሎ እንዳያስብ እናስጠነቅቃለን። ማይነር በቀን ቃላትን እየለቀመ፣ በሌሊት ከወለሉ ሥር ሰዎች እየወጡ ያሠቃዩኛል ማለቱን አልተወም። በ1902 በሕመሙ ተገፋፍቶ በገዛ ሰውነቱ ላይ በስለት ከባድ ጉዳት አደረሰ። ሕመሙ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ሲሆን በዚያን ዘመን መድኃኒት አልነበረውም። ስለዚህ መዘጋቱ ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አንችልም። የምንጠይቀው፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ምክንያቱን እንደ ገና እንዲመረምር በሕግ የታዘዘ ሰው ማን ነበር ብለን ነው። መልሱም ማንም አልነበረም የሚል ነው።

አንድ ፊርማ

በ1895 ሪቻርድ ብሬን የሚባል፣ ከወህኒ ቤት አገልግሎት የመጣ ሐኪም፣ የብሮድሙር ኃላፊ ሆነ። ብሬን ጥብቅ ሥርዓት ይወድ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማይነር ሁለቱን ክፍሎቹንና መጻሕፍቱን ተነጥቆ ወደ በሽተኞች ክፍል ተወሰደ። ሰውየው ያው ሰው፣ ሕመሙም ያው ሕመም ነው፤ የተለወጠው የኃላፊው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነበር። አንዱ ኃላፊ የሰጠውን ሌላው ነሣ፤ በሁለቱም ጊዜ ማይነር አቤት የሚልበት ችሎት አልነበረውም።

መሪና ሚስቱ ሽማግሌው ወደ አገሩ እንዲመለስ ለመኑ፤ ቤተ ሰቦቹም ለመኑ። በ1910 የአገር ግዛት ሚኒስትር የነበረው፣ በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ዓለም ያወቀው ዊንስተን ቸርችል፣ ማይነር ተለቅቆ ከእንግሊዝ አገር እንዲወጣና እንዳይመለስ የሚያዝዘውን ወረቀት ፈረመ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት የተዘጋው በር በአንድ ፊርማ ተከፈተ። መሪ፣ በዚያን ጊዜ ሰር ጀምስ ተብሎ የነበረው፣ ከሚስቱ ጋር ሄዶ ተሰናበተው።

ማይነር ግን በአሜሪካም ወደ ነጻነት አልሄደም፤ ከዐርባ ዓመት በፊት ወደ ነበረበት ወደ ዋሽንግተኑ ሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል ገባ። በ1919 ዘመዶቹ ኮኔቲከት በሚባለው ክፍለ ግዛት ወደ አንድ የአረጋውያን ሕሙማን ቤት አዛወሩት። በማርች 1920 በሰማንያ አምስት ዓመቱ ሞተ፤ ወጣት ሳለ በተማረባት በኒው ሄቨን ከተማም ተቀበረ። መዝገበ ቃላቱ ተጠናቅቆ የወጣው እርሱ ከሞተ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ነው።

ከማይነር ወዲህ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሮድሙር ከአገር ግዛት ሚኒስቴር እጅ ወጥቶ በጤና አገልግሎት ሥር ሆነ። በ1950ዎቹ ለስኪዞፍሬኒያ የሚሆኑ መድኃኒቶች ተገኙ። በ1959 በወጣው የእንግሊዝ የአእምሮ ጤና ሕግ ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛውን ከእስራት ይልቅ ወደ ሆስፒታል ለመላክ ሥልጣን አገኙ፤ የሕሙማንን ጉዳይ የሚመረምሩ ጉባኤዎችም ተቋቋሙ። ነገር ግን ልዩ ገደብ የተጣለባቸውን ሕመምተኞች በተመለከተ ጉባኤው ምክር ከመስጠት በቀር የመልቀቅ ሥልጣን አልነበረውም፤ ቍልፉ አሁንም በሚኒስትሩ እጅ ነበር። አንድ የብሮድሙር ሕመምተኛ ይህን በመቃወም እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1981 ማንም የተዘጋበት ሰው ጉዳዩን መርምሮ ሊለቀው የሚችል ችሎት ማግኘት አለበት ሲል ፈረደ። በዚህም መሠረት በ1983 የወጣው ሕግ የመልቀቁን ሥልጣን ለጉባኤው ሰጠ። ማይነር ከሞተ ስድሳ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር።

አሜሪካ በዚያው በ1983 ሌላ መንገድ ያዘች። ከአንድ መደብር ካፖርት ለመስረቅ የሞከረ አንድ ሕመምተኛ፣ በጥፋቱ ቢፈረድበት ከአንድ ዓመት በላይ አይታሰርም ነበር፤ ነገር ግን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከቅጣት ስለ ዳነ ከዚያ የበለጠ ጊዜ በሆስፒታል ተዘጋ። የተዘጋበት ሆስፒታል ያው የማይነር ሴንት ኤልዛቤትስ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች ደግፈው፣ አራት ተቃውመው፣ ሰውየው እስኪሻለው ወይም አደገኛነቱ እስኪቀር ድረስ መያዙ ሕጋዊ ነው ብሎ ወሰነ። ጣሊያን ደግሞ እንዲህ ያሉትን ትልልቅ ሆስፒታሎች በ2015 እንዲዘጉ አድርጋ፣ ከሃያ አልጋ በማይበልጡ ትንንሽ ቤቶች ተክታቸዋለች፤ ሕመምተኛውም ለጥፋቱ ከተወሰነው ከፍተኛ የእስራት ዘመን በላይ እንዳይያዝ በሕግ ደንግጋለች። በሌላ በኩል በብዙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ከ1990 ወዲህ የተራው የአእምሮ ሆስፒታል አልጋ እየቀነሰ፣ የጥፋተኞች ሕሙማን አልጋ ግን እየጨመረ ሄዷል። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በአገራችንም ቢሆን፣ በእኛ አቈጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግ፣ ፍርድ ቤት በሕመሙ ምክንያት ኃላፊ ያልሆነውን ሰው በቅጣት ፈንታ በተገቢ ቦታ እንዲጠበቅ ወይም እንዲታከም ለማዘዝ ያስችሉታል።

ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት የማይነር ሕይወት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ይመስለናል። ምሕረት የሚያደርግ ሕግ፣ ያደረገውን ምሕረት ተመልሶ የሚያይበት ቀን ካልቈረጠ፣ ሰውየውን የሚተወው ለኃላፊው ጠባይ ነው። ኃላፊው ኦሬንጅ ከሆነ መጻሕፍት ያገኛል፤ ብሬን ከሆነ ይነጠቃል፤ ሚኒስትሩ መዝገቡን ካስቀረበ ይወጣል፤ ካላስቀረበም እዚያው ያረጃል። የኤላይዛ ሜሬት ልጆች ደኅንነትና የታመመው ሰው ነጻነት የሚታረቁት፣ በየጊዜው ተሰብስቦ አሁንስ ያሠጋል ወይ ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ችሎት ሲኖር ነው።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመረ ወጣት ሁሉ በጠረጴዛው ላይ መዝገብ ያገኛል። ከመዝገቦቹ መካከል ቀጠሮ የሌለው አንድ መዝገብ ቢያጋጥመው፣ አቧራውን አራግፎ ወደ መደርደሪያው ከመመለሱ በፊት ገልጦ እንዲያነበው እንመክረዋለን። በውስጡ ሰው ሊኖር ይችላልና።